ከኬዝያ ጀርባ የቆመው

ሆሊ ቤንድ፣ ሚሲሲፒ
ኦክቶበር 9 ቀን 2022

ውድ ፐርሲ፣

ይህ ደብዳቤ የት እንደሚያገኝህ አላውቅም። የመርከብ ድርጅታችሁ ቢሮ ስደውል ስልኩን ያነሳችው ሴት «ጀልባው ወንዙ ዳር ያለችውን የካይሮ ከተማ አልፎ ወደ ታች እየወረደ ነው፤ ደብዳቤ ከሆነ በኛ በኩል ላኪው፣ ሜምፊስ ላይ ይደርሰዋል» አለችኝ። ድምጿ ደግ ነው። ሚስቱ ነኝ ስላት «ሚስቱ?» ብላ ደገመችው። ሚስት እንዳለህ የነገርካቸው አልመሰለኝም።

ጤናህ እንዴት ነው? ጉልበትህስ? ብርድ ሲመጣ የሚጠዘጥዝህ እሱ ጉልበት ውሃ ላይ እንዴት እንደሚያደርግህ ሳላስብ የምውልበት ቀን የለም። ምግብ አብሳያችሁ ጨው ያበዛል ብለህ ጽፈህልኝ ነበር፤ ተለውጧል ወይ? እኛ ደህና ነን። ጥጡ ተለቅሞ አልቋል፣ መንገዱ ዳር ሁሉ ነጭ ብጥቅጣቂ ነው። ጎረቤታችን ኢዶራ ፀጉር ቤቷን ቀይ ቀለም ቀብታዋለች፤ ሰው ሁሉ የእሳት አደጋ ጣቢያ ይላታል፣ እሷ ደስ ብሏታል።

በስልክ ልነግርህ ሞክሬ ነበር። ይጠራል፣ አይነሳም፤ ከሳምንት በኋላ «ደህና ነኝ፣ እናንተስ» የሚል መልእክት ይመጣል። እንዲህ የምልህ ልወቅስህ አይደለም። የምነግርህ ነገር በዚያ መንገድ የሚነገር ስላልሆነ ነው ወረቀት ያነሳሁት። ስለ ልጅህ ስለ ኬዝያ ትምህርት ነው። ስለ ወንድሟ ስለ ላማርም ነው። ቁጭ ብለህ አንብበው።

አንተ በሄድክበት ዓመት በጋ ላይ የኢንተርኔት መስመር ገባልን። ከጥጥ መዳመጫው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ መንገዱን ቆፍረው፣ ብርቱካንማ ቱቦ ቀብረው፣ ወደየቤቱ አስገቡት። በረንዳ ላይ ሆኜ አየኋቸው። ከሠራተኞቹ አንዱ ውሃ ለመነኝና ሰጠሁት። ጠጥቶ ብርጭቆውን ሲመልስልኝ «እንኳን ደስ አለዎት፤ ከእንግዲህ ልጆችዎ ቤታቸው ቁጭ ብለው ይማራሉ» አለኝ። አመሰገንኩት። ሌላ ምን ይባላል። ላማር በየቀኑ ያንን ሁሉ መንገድ እየነዳ ከቤተ መጻሕፍቱ ፊት ለፊት መኪና ውስጥ ተቀምጦ ሲማር የነበረው ይህች ቱቦ ስላልነበረች ነው። ቤተ መጻሕፍቱ በወረርሽኙ ምክንያት ተዘግቶ እንኳ ኢንተርኔቱ ግድግዳ አልፎ ይመጣል ብሎ፣ ጭኑ ላይ ላፕቶፑን አድርጎ።

የላማርን ስልክ አልዘጋሁትም። አውቃለሁ፣ ዝጊው ብለኸኝ ነበር። ማታ ማታ ከኔ ስልክ ጎን አድርጌ ቻርጅ አደርገዋለሁ። በየጊዜው ከዩኒቨርሲቲው መልእክት ይገባበታል። ሰው አይደለም የሚልከው፣ ማሽን ነው። «ላማር፣ ማመልከቻህን አልጨረስክም። ጥቂት ነው የቀረህ።» «ላማር፣ አሁንም ጊዜ አለህ።» ባለፈው የልደቱ ቀን «መልካም ልደት ላማር፣ እየጠበቅንህ ነው» አለው። ኬዝያ «እማ፣ አትላኩ ብለን እንጻፍላቸው፤ ያማል» አለችኝ። እኔ ግን ተይው አልኳት። ስሙን የሚጠራ አለ፤ ይጥራው።

አሁን ወደ ነገሩ ልምጣ። ኬዝያ ባለፈው ጸደይ ለዚያው ዩኒቨርሲቲ የነጻ ትምህርት ዕድል ፈተና ተመዘገበች። ድሮ ፈተናው በአውራጃው ከተማ ባለው ትምህርት ቤት፣ በስፖርት አዳራሹ ውስጥ ነበር የሚሰጠው፤ ትዝ ይልሃል፣ ያንተ እህት እዚያ ነው የተፈተነችው። አሁን ያ ቀርቷል። እያንዳንዱ ልጅ ቤቱ ሆኖ በኮምፒዩተር ነው የሚፈተነው። በፈታኝ ፈንታ በካሜራው በኩል የሚጠብቅ ፕሮግራም አለ። ፊትን ያያል፣ ዓይን ወዴት እንደሚዞር ያያል፣ ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው ካለ ይመዘግባል። ለሁሉም እኩል ነው ተባለ። ሩቅ ያለውም ቅርብ ያለውም በአንድ ዓይን ይታያል አሉ።

ከፈተናው በፊት ባለው ቀን መሞከሪያ ነበር። ኬዝያ ሳሎኑ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠች፤ መስመሩ የሚደርሰው እዚያ ድረስ ብቻ ነው። ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ አራት ማዕዘን አለ፤ ፊትን ሲያገኝ ከቦ ይቆማል። የኬዝያን ፊት አላገኘም። «ፊትዎ አልታየም። ወደ ብርሃን ይጠጉ» ይላል። ተጠጋች። «ፊትዎ አልታየም።» መጋረጃውን ገለጥን፣ መብራቱን አበራን። «ፊትዎ አልታየም።» ልጅቷ እዚያው ተቀምጣለች፣ እኔ ስክሪኑ ላይ ቁልጭ ብላ አያታለሁ፣ እሱ ግን የለችም ይላል።

ኢዶራ ጋ ደወልኩ። ፀጉር የምትሠራበትን ያንን ክብ መብራት ተሸክማ መጣች፤ ሌላም ሁለት መብራት ከቤቷ ይዛለች።

«ምን ሆነ ነው የሚለው ይሄ ዕቃ?» አለች።

«አላይሽም ነው የሚለኝ» አለች ኬዝያ።

«ጥቁር ሰው አይቶ አያውቅም እንዴ? የት ነው ያደገው?»

«እንጃ፣ አንቺ ጠይቂው።»

«እኔንማ ካየኝ ይደነግጣል፤ ይዘጋብሻል» አለችና መብራቱን ሁሉ ልጅቷ ላይ ደቀነችው። ኬዝያ በሦስት በኩል መብራት ተቃጥሎባት አምፑል ስር እንዳለ ጫጩት ሆነች። ላቧ በጆሮዋ ስር ይወርዳል። «እማ፣ ሳልፈተን ልጠበስ ነው» ትላለች። ሳቅን። በእውነት ሳቅን ፐርሲ፤ ቤቱ ውስጥ ሳቅ ከተሰማ ቆይቶ ነበር።

አረንጓዴው ክፈፍ በስተመጨረሻ መጣና ፊቷን ከበበ። ትንሽ ቆየ። ከዚያ ተንቀጠቀጠና ለቋት ወደ ላይ ወጣ፤ ከትከሻዋ በላይ ሄዶ ቆመ። ሦስታችንም ዞር ብለን አየን። ከኋላዋ ግድግዳው ነው ያለው። ግድግዳው ላይ አንተ የሰቀልከው የላማር ፎቶ ነው። ያ የምረቃ ቆብና ካባ አድርጎ፣ ምረቃው ሳይደርስ መስከረም ላይ የተነሳው። ፎቶ አንሺው ብርሃኑን አሳምሮለት ፊቱ በሙሉ የሚያበራው።

ኬዝያ ናት «መቼም ፎቶ የሚያምርበት እሱ ነው» ያለችው። ከዚያ ክፈፉ ወደሷ ተመለሰና እዚያው ረጋ፤ «ዝግጁ ነዎት» አለ። በቃ ሆነ አልን። እኔ ወጥ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ ትንሽ ቆየሁ።

በፈተናው ቀን ቤት ውስጥ ሌላ ሰው መኖር ስለሌለበት ኢዶራ ፀጉር ቤት ሄጄ ተቀመጥኩ። ኬዝያ ጨርሳ ስትመጣ በመንገዱ ላይ እየዘለለች ነበር። «እማ፣ የምችለው ነው የመጣው» አለችኝ። ያን ቀን አምባዛ ጠበስኩላት፣ የበቆሎ ዳቦ ጋገርኩ። ብዙ በላች።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው ኢሜይሉ የመጣው። ፈተናው ተሰርዟል ይላል። «በክፍሉ ውስጥ ሁለተኛ ሰው ታይቷል። ተፈታኟ በተደጋጋሚ ወደዚህ ሰው ዞራለች።»

ኬዝያ አንብባ ላፕቶፑን ወደኔ ገፋችው።

«ዞረሽ ነበር?» አልኳት።

«ሲከብደኝ ቀና ብዬ አየዋለሁ። ስለማመድም እንደዚያ ነበርኩ። ልማዴ ሆኗል።»

«ሌላ ሰው ገብቶ ነበር? እውነቱን ንገሪኝ።»

«ማን ይገባል እማ?»

መልስ ለማግኘት የሞከርነውን ብነግርህ ይሰለችሃል። ስልኩን የሚያነሳው ማሽን ነው፤ ይህን ከፈለጉ አንድ ይጫኑ፣ ያንን ከፈለጉ ሁለት። ለጻፍነው ኢሜይል የሚመልሰውም ማሽን ነው፤ ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን ይላል። እዚያ ሄጄ በር ላንኳኳ አልኩ፤ ኬዝያ «የትኛውን በር?» አለችኝ። እሷም እውነቷን ነው።

እኔን ያስፈራኝ ግን የልጅቷ ሁኔታ ነው። አምባዛ ፋብሪካው ገብታ መሥራት ጀመረች፤ ዓሣ ስትቆርጥ ትውልና ትመጣለች፣ መጽሐፍ አትነካም። ሥራ ከሌላት ቀን መብራቱን ሳታበራ ሳሎን ትቀመጣለች። አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ላፕቶፑን ከፍታ፣ ካሜራውን ወደ ግድግዳው አዙራ አገኘኋት።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ማሽኑ ያየውን እኔ ለምንድነው የማላየው?» አለችኝ።

እንደ ልጅ አይደለም የጠየቀችኝ። መልስ ፈልጋ ነው። ባርኔጣዬን ሳላወልቅ አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ ሁለታችንም ግድግዳውን አየን። ከዚያ በኋላ አንዳንዴ ብቻዋን ስታወራ እሰማታለሁ፤ ስገባ ታቆማለች።

ሐምሌ ላይ አንድ ቀን ሰው ተገኘ። ወይዘሮ ሃልቨርሰን የምትባል፣ በዩኒቨርሲቲው እንዲህ ያለ አቤቱታ የምትሰማ ሴት፣ በቪዲዮ እንድንቀርብ ቀጠረችን። እኔም የእሁድ ልብሴን ለብሼ ከኬዝያ ጎን ተቀመጥኩ። ኢዶራ መብራቷን አምጥታ፣ ደቅናልን፣ ወጣች።

ሴትዮዋ ቡናማ መነጽር ያደረገች፣ ጸጉሯ የሸበተ፣ ክፉ የማትመስል ናት። ሰላምታ ሰጥታን ወዲያው ገባችበት።

«ከኋላሽ የቆመው ሰው ማነው?»

«የቆመ ሰው አልነበረም» አለች ኬዝያ።

«ፊቱ እኮ እዚህ አለ። እንዲያውም ካንቺ ፊት ይልቅ የሱ ነው ጎልቶ የታየው። አንቺ ትጠፊያለሽ፣ ትመጫለሽ፤ እሱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አለ።» ከዚያ ወደ ሌላ ነገር አየችና «ደግሞ እናውቀዋለን» አለች። «ላማር ጉድሎ ይባላል። ከሁለት ዓመት በፊት እኛ ጋ ማመልከቻ ጀምሮ አልጨረሰም። ያኔ የላከው ፎቶ ከዚህ ፊት ጋር አንድ ነው ብሎ ሲስተሙ አገናኝቶታል። ወንድምሽ ነው?»

«አዎ። ታላቄ ነው።»

«ፈተናው ላይ ይረዳሽ ነበር?»

እኔ ልናገር አፌን ስከፍት ኬዝያ እጇን ጉልበቴ ላይ አደረገች።

«ቢችል ይረዳኝ ነበር» አለች። «ሒሳብ ላይ ከኔ ይበልጣል።»

«ይቅርታ፣ አልገባኝም።»

ኬዝያ ላፕቶፑን አንስታ ተነሳች። ገመዱ እስከሚደርስ ሄደችና ካሜራውን ከላማር ፊት ፊት ለፊት ያዘችው። «ይኸው፣ እዚህ ነው ያለው» አለች። «እርስዎ ይጠይቁት። ለኔ አይመልስልኝም።»

ከወዲያ በኩል ወንበሯ ሲጮህ ሰማሁ።

«ይሄ ፎቶ ነው» አለች ሴትዮዋ።

«አዎ።»

«እሱስ... እሱ አሁን የት ነው ያለው?»

ኬዝያ ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ መልሳ ወደኔ ዞረች። ይህን እኔ ነኝ መመለስ ያለብኝ። «ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ» አልኳት። «ከአያቱ ጎን።»

ሴትዮዋ መነጽሯን አወለቀች። በጣም አዝናለሁ ወይዘሮ ጉድሎ አለች፤ ማዘኗንም አየሁ። ግን ወዲያው ደግሞ ፕሮግራሙ የመዘገበውን እሷ ልትሰርዘው እንደማትችል ነገረችን። የምትችለው ነገር ኬዝያ ድጋሚ እንድትፈተን ማድረግ ነው። «ክፍሉ ግን ግድግዳው ባዶ መሆን አለበት» አለች። «ፊት የሚመስል ነገር በሙሉ ይነሳ።»

«ፊት የሚመስል» አልኩ እኔ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። ለአንድ ቀን ብቻ ነው።»

ከመለያየታችን በፊት ኬዝያ ስለዚያ በላማር ስልክ ስለሚመጣው መልእክት ነገረቻት። እኔ አላልኳትም፤ እሷ ናት የተናገረችው። ሴትዮዋ ደነገጠች፤ ዛሬውኑ አስተካክለዋለሁ አለች። አደረገችውም። በማግስቱ ስልኩ አንድ ጊዜ ጮኸ። «ላማር፣ ማመልከቻህ ተዘግቷል» ይላል። ከዚያ ወዲህ ጮኾ አያውቅም። ደግ ልታደርግልን ብላ ነው። እኔ ግን ያን ሳምንት እንደገና የቀበርኩት ነው የመሰለኝ፤ ለማን እንደምናገረው አላውቅም ነበር።

ፎቶውን አወረድነው። አንተ ስትሰቅለው መቼም አይወድቅ ብለህ ነው መሰለኝ፣ ምስማሩ ከግድግዳው ጋር ተጋብቷል። ኢዶራ የባሏን መዶሻ አምጥታ እሷ ስትነቅል እኔ ከታች ያዝኩት። ሲወርድ ግድግዳው ላይ ቦታው ቀረ፤ ከዙሪያው የነጣ፣ ልክ በመጠኑ። ኬዝያ በጨርቅ ብታሽ ብታሽ አልለቅ አለ። የት እንደማደርገው ግራ ገባኝ። መሬት ላይ አላስቀምጠው፣ ግድግዳ ላይ ገልብጬ አላስደግፈው። በመጨረሻ አልጋችን ላይ፣ በአንተ በኩል፣ አስተኛሁት። ፊቱን ወደ ላይ። አሁንም እዚያው ነው።

ሁለተኛው ፈተና ነሐሴ ላይ ነበር። ቀኑ ቅጠል የማይነቃነቅበት ሙቀት ነው። የዚያን ዕለት የትም አልሄድኩም፤ በረንዳው ላይ ወጥቼ ዥዋዥዌው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። በሩ ተዘግቷል፣ መስኮቱ ተዘግቷል። ሰው መጥቶ እንዳያንኳኳ መንገዱን እጠብቃለሁ። ገና እንደጀመረች ድምጿን ሰማሁ። የምትለው አልገባኝም፤ አጭር ነገር ናት፣ ቁጣ የላትም፣ ከሚያውቁት ሰው ጋር እንደሚነጋገሩት ያለች። ከዚያ ጸጥ አለ።

ስትወጣ ፊቷን በሸሚዟ እየጠረገች ነበር። ከጎኔ ተቀመጠች።

«እንዴት ነበር?»

«ጨረስኩ። ደህና ነው።» እግሯን ዘረጋችና «እማ፣ መጀመሪያ ላይ እንደገና ሁለት ሰው ነው ያለው አለኝ» አለች።

«ግድግዳው ባዶ አይደል?»

«ባዶ ነው። ክፈፉ ግን ሄዶ ባዶው ላይ ቆመ። ሊዘጋብኝ ሆነ። ከዚያ ምን እንደምል ጠፋኝና... አትስቂብኝ።»

«አልስቅም።»

«‹ላማር፣ ትንሽ ወጣ በልልኝ፤ እማ በረንዳ ላይ ናት፣ እሷ ጋ ተቀመጥ› አልኩት። ወዲያው ተወኝ። እስከ መጨረሻው ድረስ አልተመለሰም።»

ኢዶራ ይህን ስንነግራት ግድግዳው ላይ የቀረችው ያቺ ነጭ ቦታ ናት ያታለለችው አለች። ብርሃኑ ሲያርፍባት ፊት መስላው ነው፣ ሞኝ ዕቃ አለችው። ሊሆን ይችላል። አይደለም ብዬ አልከራከራትም።

ለኬዝያ ያልነገርኳትን ግን ላንተ ልንገርህ። ድምጿን የሰማሁ ጊዜ፣ ገና ምን እንዳለች ሳላውቅ፣ ወንበሩ ላይ ወደ ዳር ተጠግቼ ነበር። ሰው ከቤት ሲወጣ ቦታ እንደሚለቀቅለት። ለምን እንደተጠጋሁ ያወቅኩት እሷ ከነገረችኝ በኋላ ነው። ያን ሁሉ ሰዓት እንደዚያው ዳር ላይ ሆኜ ነው የቆየሁት፣ ፐርሲ። አልፈራሁም።

ውጤቷ መጣ። አልፋለች፤ ከብዙ ልጆች በልጣ ነው ያለፈችው። ዕድሉንም አግኝታለች። ችግሩ የመስከረሙ ቦታ ለሌላ ሰው መሰጠቱ ነው። እሷ አንድ ሰው መሆኗ እስኪጣራ ድረስ ክፍሉ ሞላ። አብረዋት የተፈተኑት አሁን እዚያ ናቸው፤ እሷ ጥር ላይ ትገባለች። «የጠፋው አራት ወር ነው እማ፣ ምንም አይደለም» ትለኛለች። እኔ ግን ስንቱ ልጅ ላፕቶፑን አንስቶ ግድግዳውን ማሳየት እንደማያስብ ነው የማስበው። ስንቱ «አልታየህም» ሲባል እሺ ብሎ ይቀር ይሆን። የኛዋ ልጅ እንኳ ለመቅረት ትንሽ ነበር የቀራት።

አሁን የቀራት አንድ ነገር አለ፤ ለዚህም ነው ደብዳቤው። የመንግሥት ድጋፍ ማመልከቻው ላይ የአባት የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር፣ ያንን መንግሥት ለእያንዳንዱ ሰው የሚሰጠውን መለያ፣ ይጠይቃል። ያውም ይኸው ወር ከማለቁ በፊት። ላማር የቆመበት ያው ቦታ ነው። ኬዝያ ልትጠይቅህ አልቻለችም። ስልኩን ታነሳና ታስቀምጠዋለች።

ስለዚያ ቀን አንድም ቀን ተነጋግረን አናውቅም። እኔም አሁን ላነሳው አልነበረም፤ ካላነሳሁት ግን ይህን ወረቀት በከንቱ ነው የማበላሸው። አንተ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመህ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ላማር ከቤተ መጻሕፍቱ ደጅ ደውሎ «አባ፣ ቁጥርህን ንገረኝና ልጨርሰው» አለህ። አንተም «እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይነገርም። የሰው ቁጥር ማለት ሰውየው ነው። ቤት ና፣ ወስደህ ትመለሳለህ» አልከው። እኔ ምድጃው ጋ ነበርኩ። የአባትህ መሬት በአንድ ሰው አፍና በአንድ ፊርማ እንዴት እንደሄደ እያወቅኩ፣ የተናገርከው ልክ ነው ብዬ ወጤን አማሰልኩ። ዛሬም ያንኑ ነው የማስበው። አባት ሆኖ እንደዚያ የማይል የለም።

አንድ ነገር ግን ያልሰማህ ይመስለኛል። ስልኩን ከጆሮህ አንስተህ ሳትዘጋው ላማር ሲስቅ ሰምቼዋለሁ። «እሺ ጌታዬ፣ መጣሁልህ» ነው ያለው፤ እያሾፈብህ፣ ያችን ያንተን አነጋገር እየኮረጀ። አልተቆጣም፣ አልተጣደፈም። ወደ ቤት ሲመጣ ድልድዩ ላይ የደረሰበት ነገር የውሃው ነው፣ የመንገዱ ነው። መስመሩ ያልደረሰበት ቤት ነው። ያንተ አይደለም። ይህን ከቀብሩ ማግስት ልነግርህ ነበር፤ አንተ ያን ሰሞን ፊትህን ከኔ መልሰህ ነበርና አልቻልኩም።

ስለዚህ ቁጥሩን ለልጅቷ ስጣት። በደብዳቤም ቢሆን፣ በስልክም ቢሆን፣ መጥተህም ቢሆን፣ እንደቀለለህ። በየትኛውም መንገድ ብታደርገው እኔ ዘንድ ልክ ነው።

ጥር ላይ ደግሞ የሚያደርሳት ሰው ያስፈልጋል። እኔ ያንን ድልድይ ከዚያ ወዲህ አልተሻገርኩም፤ ከተማ ስሄድ በላይኛው በኩል ዞሬ ነው፣ ኢዶራ «ቤንዚን አከፋፋይ ልትከፍቺ ነው?» ትለኛለች። ወደ ዩኒቨርሲቲው ግን በሌላ በኩል መንገድ የለም። ኬዝያ ራሴ እነዳለሁ ትላለች፤ እችላለሁ ትላለች። መቻሏን አልጠራጠርም። ብቻ ከጎኗ የሚቀመጥ ቢኖር ነው የምለው። ሻንጣዎቿ ከባድ ናቸው፣ ደረጃም አለው አሉ።

እጄ ደከመ። ጀልባው ላይ ስትሆን ገመዱን ተጠንቀቅ፤ ሌሊት ተራህ ሲሆን ጉልበትህን ጠቅልለው። በምትሄድበት ውሃ ሁሉ ፊትህ ብርሃን ይሁንልህ። የምትረግጠው ሳንቃ አይክዳህ። ያዘንክበት ልብ ይረፍልህ፤ ልጅህ የምትደሰትበትን ቀን በዓይንህ እንድታይ ያብቃህ።

ባለቤትህ፣
ቨርሊን

ወረቀቱን ሳጥፈው አየሁት፤ ስለ ጥር ከጻፍኩት በታች አንድ የሰረዝኩት መስመር አለ። ለማንበብ አትድከም። «ኬዝያ ስትሄድ ቤቱ ውስጥ ብቻዬን እቀራለሁ» የሚል ነበር። ልክ ስላልሆነ ነው የሰረዝኩት።